ስም የሌለው ቀይ ሥዕል

መርዝ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በጥብጫለሁ። የበጠበጥኩትም ለአንደኛ ክፍል ልጆች ነው፤ ያውም እያስጨበጨብኩ። ነገሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አሁን ረጋ ብዬ የምተርከው ጥፋቴ ስለቀለለኝ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ስለተናገርኩት አፌ ለምዶት ነው።

በቅድሚያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ከተማ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ፣ እናቴ የቢሮ ጸሐፊ ስለነበሩ እህል የማውቀው በጆንያ ሆኖ ከገበያ ሲመጣ ብቻ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ በሂሳብ ተመርቄ የተመደብኩት፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ የቆላ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ገና ሲያየኝ «የሂሳብ መምህር ሞልቶናል፤ አንቺ አንደኛ ክፍልን ያዢ» አለኝ። ከአንደኛ ክፍል ጋር ሥነ ጥበብ አብሮ መጣ። እኔ ደግሞ አሳምሬ መሳል የምችለው ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው።

የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ዓርብ፣ ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻው ሰዓት ላይ ነበር። እንደ እረፍት ነበር የምቆጥረው። ሰሌዳው ላይ ቤት እስላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ወረቀቱን እሰበስባለሁ። አስተራረሜም ቀላል ነበር፤ ንጹሕ ከሆነ ስምንት፣ ከቆሸሸ ስድስት። ምን እንደተሳለ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር የዝውውር ማመልከቻዬ ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ነገር ልጨምር። መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ ቀን ለልጆቹ «ሁላችሁም ቤት እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ» ብያቸው ነበር። ኮሌጅ እያለን ለተማሪ እንዲህ በሉ ስለተባልን ያልኩት ነው። ኅዳር ሲገባ የአንድም ልጅ ደጃፍ አልረገጥኩም።

በዚያ ሳምንት የመምህሩ መምሪያ «ከአካባቢ በሚገኙ ነገሮች ቀለም አዘጋጅቶ በጣት መሳል» ይላል። ሐሙስ ዕለት «ነገ ከቤታችሁ ቀለም የሚሰጥ ነገር አምጡ» ብዬ አሰናበትኳቸው። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ገበያ መሰለ። ከሰል፣ እርድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የጡብ ስብርባሪ ሳይቀር መጣ። የጠፋው ደማቅ ቀይ ነው። ልጅ ደግሞ ቀይ ከሌለ ቀለም ያለ አይመስለውም።

ይሄኔ ከፊት ወንበር ሰዓዳ ተነሣች። የፊት ጥርሶቿ የወላለቁ፣ ቀልጠፍ ያለች ልጅ ነች። የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ውስጡ እፍኝ የማይሞላ በቆሎ ነበር። ቀይ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ደማቅ ቀይ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአባዬ ጆንያ፣ ቲቸር።»

«እንዴት እንዲህ ቀላ?»

«ሲገዛም ቀይ ነው። ለመስኖ ነው። ግን አይበላም፣ ቲቸር።»

«ማን ሊበላው! ለቀለም ነው እንጂ» ብዬ ሳቅሁ። ለዘር የተቀመጠ ስለሆነ ልጆች እንዳይነኩት የተከለከለ መሰለኝ። በቆሎውን ጣሳ ውስጥ ጨምሬ ውሃ አፈሰስኩበትና በጣቴ አሸሁት። ውሃው ወዲያው ቀላ። ልጆቹ «ኡኡ!» አሉ። «ለሰዓዳ አጨብጭቡ!» አልኩ። ተጨበጨበላት።

ትምህርት ቤታችን ውሃ የሚያገኘው በጄሪካን ከሩቅ ተቀድቶ ነው። በዚያ ላይ በቆላው ሙቀት ቀለሙ ጣት ላይ እንዳለ ይደርቃል። ልጆቹ ውሃ እየጠየቁ ሲያስቸግሩኝ «ውሃ አታባክኑ፤ ሲደርቅባችሁ እንዲህ አድርጉ» ብዬ ጣቴን ምላሴ ላይ አስነክቼ አሳየኋቸው። ያሳየሁበት ጣት ቀይ ነበር። ትንሽ መረር አለኝ፤ በመሐረቤ ጠረግሁት። ቀዩ እንዳያልቅ ተራ በተራ ይንኩ ብዬ ነበርና ደወል ሲደወል ገና ብዙዎቹ አልደረሳቸውም። እያጉረመረሙ ወጡ። ያ ስስቴ ከብዙ ጣጣ እንዳወጣኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀቶቹ ላይ ስድስትና ስምንት እየጻፍኩ ሳለ ደሳለኝ ገባ። ደሳለኝ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው። የኛ ቢሮ ሶላር ስላለው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ በየቀኑ ይመጣል፤ ሁሌም ሳይቀልድ አይወጣም። ያን ቀን ግን ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩት ጣሳ ላይ አረፈና ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ይሄን ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ። ቀለማችን ነው፤ አያምርም?»

«እኅቴ፣ ይሄ ምርጥ ዘር ነው። ነቀዝና ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት ተለውሶበታል። ቀይ የተደረገውም ሰው እህል መስሎት እንዳይበላው ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ልጆቹ ነክተውታል?»

«በጣታቸው ነው የሳሉት።»

«አፋቸው ውስጥ አላስገቡትም አይደል?»

ምላሴ ላይ ያ ምሬት እንደገና የመጣ መሰለኝ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። ልጆቹ ትዝ ያሉኝ ቀጥሎ ነው፤ ሲመጡ ግን ሁሉም በአንዴ መጡ።

«በምላሳችሁ አርጥቡት ብያቸዋለሁ» አልኩት።

ደሳለኝ ጣሳውን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዘነበለው። «ስንት ፍሬ ነበር?»

«እፍኝ ባይሞላም ብዙ ነበር።»

«አሁን ያለው አምስት ፍሬ ነው።»

አንድ ልጅ በቆሎውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ውሃ የጠጣ፣ የለሰለሰ በቆሎ፤ የራበው ልጅ በጥርሱ ሊያኝከው ይችላል።

ያኔ የመጣልኝ ብቸኛው ብልሃት ወረቀቶቹን ማየት ነበር። ቀዩን የነካ ልጅ ወረቀቱ ላይ ቀይ ይኖረዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋጋናቸው። ከሠላሳ ስምንቱ ቀይ ያለባቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ወረቀቶቹን ገለበጥናቸው። አሥሩ ላይ ፊደሉ የተገለበጠም፣ አንድ ፊደል የጎደለውም ቢሆን ስም አለ። አሥራ አንደኛው ጀርባ ባዶ ነው። ገና ኅዳር ነው፤ ስሙን መጻፍ ያልቻለ ልጅ ነበር። እኔም በእሱ ፈንታ ስሙን ልጽፍለት አልደከምኩም። ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቀይ የበዛበት ይሄው ወረቀት ነው። ስድስት ሰጥቼዋለሁ።

ከስም መጥሪያው ላይ ስማቸው የተገኘውን እየሰረዝን ስንሄድ አራት ልጆች ቀሩ። ስም የሌላቸው ወረቀቶችም አራት ናቸው፤ ሦስቱ ከሰልና እርድ ብቻ፣ አንዱ ቀይ። ከአራቱ ልጆች የአንዱ ነው።

የጁምዓ ሰላት እየተቃረበ ስለነበር ደሳለኝ ወደ መስጊዱ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ የኢማሙ ድምፅ በማይክሮፎን ተሰማ። አሥሩን ባለ ቀይና እነዚያን አራቱን፣ በድምሩ አሥራ አራት ልጆች በስም ጠርተው፣ ወላጆች በአስቸኳይ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲያመጧቸው ተናገሩ። እኔ የጤና ኬላውን ባለሙያ ዘሀራን ይዤ መጣሁ። ሰዎቹ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጆቻቸውን አዝለውና ጎትተው ደረሱ። አንዷ እናት ወተት በጠርሙስ ይዛ መጥታለች።

«ምንም እንዳታጠጧቸው!» አለች ዘሀራ። «ውሃና ሳሙና አምጡልኝ። እጃቸውን፣ አፋቸውን እጠቧቸው፤ ልብሳቸውን ቀይሩ።»

ልጆቹ ልንገርፋቸው የሰበሰብናቸው ስለመሰላቸው እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው «እኔ ቀይ አልነካሁም» ይላሉ። እውነቱን የሚናገረው ወረቀታቸው ብቻ ነበር። ሁለቱ ሆዳቸውን እንዳመማቸው ሲናገሩ ዘሀራ በሚኒባስ ይዛቸው ወደ ቆቦ ሄደች።

ከወላጆቹ መካከል አንዱ «ለመሆኑ መርዙን ያመጣው የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰዓዳ ከበሩ ኋላ ተለጥፋ ቆማለች። ሰው ሁሉ ወደሷ ሲዞር አየሁ። እኔም ዝም ብል ነገሩ እሷ ላይ አርፎ እንደሚቀር ገባኝ። ለአንድ አፍታ ዝም ለማለት አስቤም ነበር፤ ይሄን አልደብቃችሁም።

«አምጪ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «አይበላም ብላ ነግራኛለች። የበጠበጥኩት እኔ ነኝ፤ በምላሳችሁ አርጥቡ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

ሰውየው አየኝና «ልጆቻችንን ጠብቂ ብለን የሰጠንሽ ለዚህ ነው?» አለኝ።

አሥሩም ባለ ስሞች ተገኙ። ስም ከሌላቸው ከአራቱ አንዷ ብቻ መጣች፤ ከወረቀቶቹ መካከል የእርድ ሥዕሏን ገና ከበር ለይታ «የኔ ይሄ ነው» አለች። ሦስት ልጆች ቀሩ። አንዱ ለሠርግ ከእናቱ ጋር ወደ ሮቢት ተሳፍሯል አሉ። ሁለተኛዋ አክስቷ ጋ ዋጃ ነች። ሦስተኛው ኑሩ የሚባለው፣ ቤቱ ከአስፋልቱ ርቆ ወደ ምሥራቅ፣ ማሽላው መሃል ነው፤ እዚያ የኛ መስጊድ ድምፅ አይደርስም። ስልክ ሞከርን፤ አንዱ ዝግ፣ ሌላው አይመልስም፣ የኑሩ ቤት ስልክ ጭራሽ አልተመዘገበም። ያለን አንድ ባጃጅ፣ መንገዱ ሦስት አቅጣጫ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ተሳስተን ሮቢት ደርሰን ብንመለስ ለልጁ ላንደርስለት ነው።

«የቱ ነው? አንቺ ታውቂያቸዋለሽ» አለኝ ደሳለኝ።

አላውቃቸውም። ሦስት ወር አስተምሬያቸዋለሁ፤ የኑሩን ድምፅ እንኳ አላስታውስም። ቀዩን ሥዕል አንሥቼ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አራት ቋሚ መስመሮች፣ ከላያቸው አግድም መስመር፣ እሱ ላይ አንድ ሰው፣ ከሰውየው ራስ በላይ ግማሽ ክብ። ከታች ደግሞ ትንሽዬ ነገር፣ ጎኑ ላይ አራት ማዕዘን ያለበት።

«አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው» አልኩ።

አልጋ ሁሉም ቤት አለ። ዞር ስል ሰዓዳ እጇን ታጥባ፣ የሰው ልብስ ለብሳ አጠገቤ ቆማለች። ተንበርክኬ ወረቀቱን አሳየኋትና በሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ለአንድም ልጅ ያላቀረብኩትን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ሰዓዳዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

በአላዋቂነቴ ተገርማ አየችኝ። «ማማ ነው፣ ቲቸር። ወፍ የሚጠብቁበት።»

«ማማስ ሁሉም አለው፤ ማሽላ ያልዘራ የለ» አለ ደሳለኝ።

«ይሄስ? ከራሱ በላይ ያለው?»

«ጃንጥላ። አባ ይማም ናቸው፤ የኑሩ አያት። ማማ ላይ ጃንጥላ የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል።»

«ይሄ ከታች ያለውስ?»

«እንጃ።»

«ውሻ ይሆናል፤ ተነሺ!» ብሎ ደሳለኝ የባጃጁን ሹፌር ጠራ።

መንገዱ አቧራ ነው። ከአንድ ደረቅ ወንዝ ስንደርስ ባጃጁ አሸዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ፤ ሹፌሩን ትተን በእግር ቀጠልን። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከየማማው ጅራፍ ይጮሃል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ የግሪሳ ወፍ መንጋው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ደሳለኝ ድንገት ቆመ።

«ያን ማሳ እዪው» አለኝ።

አንድ ማሳ ላይ ግሪሳው ተረጋግቶ ይበላል። የሚጮኽበት የለም። ማማው ላይ ጥቁር ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም።

ሮጥን። ማማው ሥር ደርሼ «ኑሩ! ኑሩ!» አልኩ። መልስ የለም። ደሳለኝ ወጣና «እዚህ ነው!» አለ። ልጁን በትከሻው አድርጎ ሲያወርደው እጄን ዘርግቼ ከታች ተቀበልኩት። ላብ አጥምቆታል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ አስመልሶ ልብሱን ሞልቶታል። ያስመለሰው ውስጥ ቀይ ልጣጭ አየሁ። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና መልሶ ጨፈነ።

አባ ይማም ከራሳቸው መንደር ጁምዓ ሰግደው፣ እግረ መንገዳቸውን ሰው አስታርቀው ሲመለሱ እዚያው ደረሱ። ከማሳው ውስጥ ስንወጣ አዩን።

«ምን አገኘው? ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላዬን ትቼለት ነበር የሄድሁ።»

«አባ፣ መርዝ ነው። የኔ ጥፋት ነው፤ እኔ ነኝ ትምህርት ቤት የሰጠሁት» አልኩ። ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው።

ሽማግሌው ልጁን ከእጄ ተቀበሉ። «ያ ረቢ!» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አሁን አታልቅሺ፤ ሩጪ። ማልቀሱ ይደርሳል» አሉኝ። የሰባ ዓመት ሰው ልጁን ታቅፈው አሸዋውን ከኔ ቀድመው አቋረጡ። ሹፌሩ ባጃጁን ነቅሎ ጠበቀን።

ቆቦ ሆስፒታል ስንገባ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር። የሆነውን ለሐኪሙ ደሳለኝ ነገረው፤ በመንገድ ላይ ሰዓዳ ቤት ደውሎ የዘሩን ጆንያ ጽሑፍ አስነብቦ ስለነበር የመድኃኒቱን ስም ጭምር ነገረው። ልጁን ወደ ውስጥ አስገቡት። አባ ይማምና እኔ አግዳሚው ላይ አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ «አብሽሩ፣ ተርፏል» አለን። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ዛሬም አልረሳሁትም። «ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ ይሄን አልላችሁም ነበር።» ሮቢት ደርሶ መመለስ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይበቃውም።

ሌሎቹ ልጆች ከሆድ ሕመም ሌላ ምንም አላገኛቸውም። እኔንም መርምረው ደኅና ነሽ አሉኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ተገቢ ነው። ሰኞ ዕለት ሰዓዳ ትምህርት ቤት አልመጣችም። አባቷ ሊገርፋት ነው ብላ እንደተደበቀች ሰማሁ። ቤቷ ሄድኩ። ማንም ሳያስገድደኝ የተማሪ ደጃፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ለአባቷ የኑሩን ቤት ያገኘችልን ልጃቸው መሆኗን ነገርኳቸው። ዘሩን የሚያስቀምጡት ቆጥ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሣጥን ቆልፈውበታል።

ኑሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥቶ ተመለሰ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ያን ሥዕል ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስድስት ቁጥሯን በላጲስ አጥፍቻታለሁ፤ ምልክቷ ግን አልጠፋም።

«ኑሩ፣ ይሄ አባ ይማም ናቸው አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ከታች ያለውስ? ውሻ ነው?»

ሳቀ። ድምፁን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«አንቺ ነሽ፣ ቲቸር። ይሄ ቦርሳሽ ነው። ልትጠይቂን መጥተሽ።»

አንባቢዎቼ፣ መምህር የሆናችሁም ወላጅ የሆናችሁም፣ የምነግራችሁ ትልቅ ትምህርት የለኝም። ጣሳ ውስጥ የሚገባውን ነገር ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሌላው ያ ጥያቄ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እያንዳንዱን ሥዕል ይዤ «ይሄ ምንድን ነው?» እላለሁ፤ የሚነግሩኝን ከወረቀቱ ጀርባ ከስማቸው ጋር እጽፋለሁ። ሰዓት ይፈጃል፣ ሂሳቡም አንዳንዴ ይጓተትብኛል። ዝውውሩን አልጠየቅሁም። የሥነ ጥበብ ችሎታዬ ዛሬም ከሦስት ማዕዘን ብዙ አላለፈም።

የኑሩን ሥዕል ለአባ ይማም ልሰጣቸው ብዬ ወስጄላቸው ነበር፤ ከታች ያለችው ልትጠይቃቸው የመጣችው እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። በጃንጥላቸው ጥላ ሥር አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና መለሱልኝ። «አንቺው ያዥው» አሉ። «ቤታችን የተጠራሽበት ወረቀት ነው።»